የወደቀው ሲነሣ፤ ከጉና ተራራ እስከ ጣና ዳር

ወደ ደብረ ታቦር የመሄድ ዕድል የገጠማችሁ እንደ ሆነ፣ ውድ አንባቢዎች፣ ሌላውን ከማየታችሁ በፊት ብረት ቀጥቃጮች ወደሚሠሩበት ሥፍራ ጎራ በሉ። ጠይቃችሁ መድረስ አያስፈልጋችሁም፤ የመዶሻው ድምፅ ይመራችኋል። አንዱ ወናፉን ያናፋል፤ ሌላው ፍም የመሰለውን ብረት በጉጠት ይዞ በመስፉ ላይ እያገላበጠ ይመታዋል። ጥቂት ቆማችሁ ብትመለከቱ ያ ብረት ቀስ በቀስ ማጭድ ወይም ማረሻ ሲሆን ታያላችሁ።

ነገር ግን ዓይናችሁን ከእሳቱ አንሡና ከቀጥቃጩ ኋላ የተከመረውን ተመልከቱ። የተሰበረ ማጠፊያ ነው፤ ቁራጭ ፌሮ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚፈለገው ከመኪና የወለቀ ባሌስትራ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለውን ዳገትና ቁልቁለት የሄደበት ሰው ባሌስትራ ለምን እንደሚሰበር አይጠይቅም። የተሰበረው ባሌስትራ ለሾፌሩ ጣጣ ነው፤ ለቀጥቃጩ ግን ሀብት ነው። ምክንያቱም ባሌስትራ ተራ ብረት አይደለም። በውስጡ ከመቶ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ካርቦን አለበት። ስለዚህ በእሳት ሲግል እንደ ልብ ይታጠፋል፤ ነክረው ሲያቀዘቅዙት ይጠነክራል፤ ስለትም ይይዛል። ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለ ሆነ ለማጭድ አይሆንም፤ ቶሎ ይዶለዱማል። ቀጥቃጩ ይህን የተማረው ከኬሚስትሪ መጽሐፍ አይደለም፤ ከአባቱና ከእጁ ነው።

ይህን የሚያህል ሥራ የሚሠራ ሰው ባገራችን ስንት ዘመን ሲሰደብ እንደ ኖረ ታውቃላችሁ። ማረሻውን ከእርሱ ገዝቶ እያረሰ፣ በዚያው ማረሻ ያመረተውን እህል እየበላ፣ ዞሮ «ቡዳ ነው» የሚለው ሰው ብዙ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። ስድቡ በአዋጅ ብቻ አለመጥፋቱን መናገር ግን አያስፈልግም።

ዛሬ በየአገሩ ያሉ ሊቃውንት «ዑደታዊ ኢኮኖሚ» የሚሉት አዲስ ትምህርት አለ። አሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ዕቃ ተሠርቶ፣ አገልግሎ፣ ተጥሎ የሚያበቃ አይሁን፤ ገና ሲሠራ ጀምሮ መጨረሻው የሌላ ነገር መጀመሪያ እንዲሆን ታስቦ ይሠራ። ውዳቂው ጥሬ ዕቃ ይሁን ማለት ነው። እኛም ይህን ነገር ካገራችን መሬት ላይ ሆነን እንመልከተው ብለን፣ ከጉና ራስ ጀምረን እስከ ጣና ዳር እንወርዳለን። አሳቡ ከውጭ አገር መጽሐፍ ይልቅ በዚህ ቁልቁለት ላይ ጎልቶ ይታያል።

ጋፋት

ግን ከመውረዳችን በፊት ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘውን ጋፋትን ሳናነሣ ብናልፍ የአገሩ ሰው ይታዘበናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን፣ እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሳሰሉትን የአውሮፓ ሚሲዮናውያንና ሌሎች ባለ እጆችን ያሰፈሩት እዚህ ነው። ሰዎቹ የመጡት ለስብከት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ቢሆንም ሥራው አልቆመም፤ ያገራችን ልጆችም ከጎናቸው እየሠሩ እጃቸውን አፍታቱ። በ1859 ዓ.ም. ገደማ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ሲነሡ ያን መድፍ በሰው ጉልበት እየጎተቱና መንገድ እያስጠረጉ ወራት ፈጅተው መቅደላ አደረሱት። የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን የመድፉ ብረት ነው። ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ተዋሕደው የሚሆኑት ነው። ንጹሕ ብረት ለመቅለጥ ከ1,500 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲፈልግ ነሐስ ወደ 1,000 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈስሳል። ደግሞም አሥር ጊዜ ቢቀልጥ ያው ነሐስ ነው፤ ጠባዩ አይጎድልም። ስለዚህ ነሐስ ከሰው ልጅ ጋር ሲዋጋና ሲታረቅ የኖረ ነው። በአውሮፓ ስንት የቤተ ክርስቲያን ደወል ቀልጦ መድፍ ሆኗል፤ ስንት መድፍም ተመልሶ ደወል ሆኗል። በቪየና በቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል የነበረው ትልቁ ደወል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1711 ከቱርኮች ከተማረኩ መድፎች ቀልጦ የተሠራ ነበር። ባገራችንም እንጦጦ ላይ ያሉ ሴቶች የተተኮሰ ጥይት ቀለህ አቅልጠው የአንገትና የጆሮ ጌጥ ያደርጉታል። ደብረ ታቦርና አካባቢዋ ባለፉት ዓመታት ጦርነት የደረሰባቸው ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለውን ብረት የሚያነሣ እጅ በዚያም ቢበዛ መልካም ነበር።

የደጋ ገበሬ ቤት

አሁን ከከተማው ወጥታችሁ በፋርጣ ወይም በጋይንት በኩል ወደ አንድ ገበሬ ቤት ግቡ። «ቤት ለእንግዳ» ተብላችሁ መደብ ላይ ከተቀመጣችሁ በኋላ ዙሪያችሁን ብትመለከቱ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ውዳቂ የሚባል ነገር ማግኘት ይቸግራችኋል። ግድግዳው የተመረገው ጭድ ተነክሮ በተቦካ ጭቃ ነው፤ ጭዱ ባይኖር ኖሮ ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጣጠቅ ነበር። ወለሉ በእበት ተለቅልቋል። እህሉ ያለበት ጎታ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የተሠራ ነው። የጠላው አተላ ለላሟ ይሄዳል። የገብሱ ገለባ ለከብት ነው። ያረጀው ቆርቆሮ ኩራዝ ሆኗል፤ ባዶው ጣሳ በገበያ የእህል መስፈሪያ ነው። ባለቤቱ ከደጃፍ ያወለቁት ጫማ ደግሞ ካረጀ የመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ነው።

በረባሶ ስንል ብዙ የከተማ ሰው ይሥቃል። ነገር ግን በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሠፈር ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን ያንኑ የጎማ ሶል ወስደው፣ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጨርቅ ጨምረውበት፣ «ሶል ሬብልስ» በሚል ስም ለውጭ አገር ገበያ አቀረቡት። ባዕድ ገዝቶ ሲጫማው እኛም መሣቃችንን ቀነስን።

አተላውንም ንቃችሁ አትለፉት። በዴንማርክ ካሉንድቦርግ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አለች። የዚያ አገር ፋብሪካዎች አንዱ የጣለውን ሌላው እያነሣ ስለሚሠሩ፣ የዓለም መሐንዲሶች ለጉብኝት ይጎርፋሉ። ከኤሌክትሪክ ጣቢያው የሚወጣው እንፋሎት ለጎረቤት ፋብሪካ ይሄዳል፤ ከጭሱ የተጣራው ጂፕሰም የቤት ግድግዳ ሰሌዳ ይሆን ነበር። ለስኳር ሕመምተኞች የሚሆነውን ኢንሱሊን ከሚያመርተው ፋብሪካ የሚተርፈው እርሾ ደግሞ ለአሳማ ሲመገብ ኖሯል። እንግዲህ ይህ የመጨረሻው ከጋይንቷ እመቤት አተላ በምን ይለያል? አሳማው ላም ከመሆኑ በስተቀር!

ፌስታልና ሃይላንድ

የቤቱ ሥርዓት የተበላሸው አዲስ ዕቃ ሲገባ ነው። ሸክላ ቢሰበር ገል ሆኖ ወደ አፈር ይመለሳል፤ ቅል ቢሰነጠቅ ይነዳል። ፌስታል ግን አይበሰብስም፣ ቢነድ ይመርዛል፣ ላም ከዋጠችው ሆዷን ዘግቶ ይገድላታል። መንግሥት በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ስስ የሆኑትን ፌስታሎች ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ ግን ከገበያው ጩኸት በላይ ሳይሰማ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ የበለጠ ጠንካራ እገዳ ያለበትን አዋጅ አጽድቋል። የትኛው እንደሚሰማ ጊዜ ያሳየናል።

«ሃይላንድ» የምንለው የውኃ ጠርሙስ ከፌስታል ይሻላል። ባለ ብዙ ሙያ ነውና! ዘይት ይቀዳበታል፣ አረቄ ይሸጥበታል፣ ጠበል ይመጣበታል። ዕድሜውን ሲጨርስም ኪሎ ተመዝኖ የሚገዛው አለ። እዚህ ላይ ነው ቆራሌው የሚመጣው።

ቆራሌውን የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም። ስሙ ከጥሪው፣ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው ይባላል። ማዳበሪያ ጆንያውን በትከሻው ጣል አድርጎ በየሠፈሩ እየጮኸ ያልፋል። ልዋጮችም እንዲሁ ናቸው፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው በምትኩ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣሉ። የሰበሰቡት ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ብዙው ወደ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ይጓዛል። ምናለሽ ተራ በርሜል ተቀድዶ ምድጃ የሚሆንበት፣ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ባልዲ የሚሆንበት ሠፈር ነው። ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፤ ነገር ግን ያገሪቱ ትልቁ የዑደታዊ ኢኮኖሚ ትምህርት ቤት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቆራሌው ያላነሣው ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በመራራ ሁኔታ አየን። ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ በክምሩ ጥግ ጎጆ ቀልሰው ከዚያው የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው አጠገብ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ። ማቃጠል ከመከመር ይሻላል፤ ነገር ግን የነደደ ዕቃ ሁለተኛ አይመለስም። በዚህ ረገድ ለእኔ ይበልጥ የሚያስደስተኝ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የተነሣው፣ አቶ ቅዱስ አስፋው ከባልደረባቸው ጋር የመሠረቱት «ኩቢክ» የተባለው ድርጅት ሥራ ነው። ድርጅቱ የወደቀ ፕላስቲክ አቅልጦ ያለ ሲሚንቶ እርስ በርሱ እየተገጣጠመ ግድግዳ የሚሆን ማገጣጠሚያ ይሠራል። ቆራሌው ያነሣው ሃይላንድ ቤት ሆነ ማለት ነው።

ትልቁ ብክነት ጭስ ነው

አሁን ወደ ደጋችን እንመለስ። በገበሬው ቤት ውዳቂ ማግኘት ይቸግራል ብዬ ነበር። ዋሽቻለሁ። ትልቁ ብክነት በየማታው ከጣራው ላይ እየጨሰ ይወጣል፤ እርሱም ኩበት ነው።

ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ደብረ ታቦርም በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱ ታውቁታላችሁ። ጫካው ከጥንት ስለ ተመነጠረ ባሕር ዛፍ ያልተከለ ሰው ማገዶ የለውም፤ ባሕር ዛፍ ያለውም ብዙ ጊዜ ሸጦ ብር ያደርገዋል። ስለዚህ ሴቶቹና ልጆቹ እበቱን ጠፍጥፈው በፀሐይ ያደርቁታል፣ በክረምት እንዳይረጥብ ከቤቱ ጥግ ይከምሩታል፣ ምሽት ላይ ያነዱታል። ማን ይፈርድባቸዋል? እንጀራ ሳይጋገር አያድር።

ሂሳቡን ግን አብረን እንሥራው። ከደረቀ እበት ከመቶው እጅ አንድ ተኩል እስከ ሁለት የሚሆነው ናይትሮጅን ነው። ገበሬው በብር የሚገዛው ዩሪያ ደግሞ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን አለበት። ስለዚህ ከ23 እስከ 31 ኩንታል ደረቅ ኩበት፣ በናይትሮጅኑ በኩል ሲታይ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ያህላል። አንድ ከብት በቀን ሲደርቅ ሁለት ኪሎ የሚሆን እበት ይጥላል ብለን ብንገምት፣ አራት ከብት ያለው ሰው በዓመት ወደ 29 ኩንታል ያገኛል። ይህ ሁሉ ቢነድ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ በጭስ ማውጫ በኩል ሄደ ማለት ነው፤ ናይትሮጅን እሳት ሲነካው ወደ አየር ይበርራልና። ያን ለመተካት ገበሬው ከባሕር ማዶ በዶላር የተገዛውን ማዳበሪያ ይጠብቃል። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ላይ ሲንር፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይም በአማራ ክልል ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬዎች አቤት ሲሉ፣ ነገሩ የወረቀት ሂሳብ አለመሆኑ ታየ።

ታዲያ ማብሰያውንም ማዳበሪያውንም ከአንድ እበት ማግኘት አይቻልም ወይ? ይቻላል። እበቱ ከእኩል ውኃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባው ጉድጓድ ሲቀመጥ፣ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት አብላልተው የሚነድ ጋዝ ያወጣሉ፤ የተብላላው ጭማቂ ግን ናይትሮጅኑን እንደ ያዘ ወደ ማሳ ይሄዳል። ይህ ባዮጋዝ የሚባለው ነው። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ 14,000 ማብላያዎች ለማሠራት አቅዶ በመጀመሪያው ዙር 8,000 ያህል አሠራ። ቀላል ሥራ አይደለም። ነገር ግን ብዙዎቹ ተሠርተው ሳይቆዩ ሥራ ፈቱ።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ውኃ ከሩቅ ይቀዳል። እነዚያ ሕዋሳት በ35 ዲግሪ ገደማ ሲሞቃቸው ደስ ብሏቸው ይሠራሉ፤ የጉና ብርድ ላይ ግን ይለግማሉ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የባዮጋዝ ምድጃዎች ወጥ ይሠራሉ፣ ቡናም ያፈላሉ፣ እንጀራ ግን አይጋግሩም ነበር! በኢትዮጵያ ቤት ከሚነደው ማገዶ የሚበዛው ምጣዱ ሥር ነው። ምድጃውን የነደፈው ሰው አንድ ቀን ከምጣድ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልሳተ ነበር። በአንጻሩ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ባገራችን ሰዎች ለምጣዱ ተብሎ የተነደፈ ስለ ሆነ፣ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ የተረፈው ኩበትም ለማሳ ይቀራል። እኔ ብጠየቅ ለደጋው ይህን አስቀድም ነበር።

አመዱንስ? በአመዱ ውስጥ ፎስፎረሱና ፖታስየሙ ይቀራሉ፤ የሚጠፋው ናይትሮጅኑ ነው። ደግሞም የፋርጣና የአካባቢው አፈር ብዙ ዘመን ታርሶና በዝናብ ታጥቦ ኮምጥጧል፤ በኮመጠጠ አፈር ላይ የተጨመረ ፎስፎረስ ተቆልፎ ይቀራል እንጂ ለሰብሉ አይደርስም። ለዚህ መድኃኒቱ ኖራ ነው ተብሎ በመኪና ይጫናል። አመድም በአቅሙ የኖራን ሥራ ይሠራል። ለዚህ ነው የጓሮው ጎመንና ድንች እንደዚያ የሚያምረው፤ እናት በየጠዋቱ አመዱን የምትደፋው እዚያው ነውና። ሩቁ ማሳ ግን አመድም ሽታውም አይደርሰው።

ፎገራ

ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ቁልቁል ወርደው ጣና ይገባሉ። በክረምት መልካቸውን ብታዩ ወንዝ ሳይሆን የሚፈስስ ማሳ ይመስላችኋል። ያ ሁሉ አፈር ጥቂቱ ሜዳው ላይ እየተኛ የፎገራን ሜዳ ሠራው። ድሮ በከብቱ የታወቀው ፎገራ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ሩዝ ካሳዩት ወዲህ፣ ውኃ የሚተኛበት መሬት ሁሉ ሩዝ ሆነ። ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ።

ሩዝ ሲፈተግ ከመቶ ኪሎው 20 ኪሎ የሚሆነው ቅርፊት ነው። ይህ ቅርፊት መጥፎ ጠባይ አለው። ከብት አይወደውም፤ አይበሰብስም፤ ቀላል ስለ ሆነ አንድ ሜትር ኩብ ሙሉው 100 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ለመጫን የማይመች፣ ነፋስ የሚበትነው ነገር ነው። ስለዚህ ከመፈተጊያው ኋላ ተከምሮ ውሎ አድሮ በእሳት ይለቀቅበታል።

ከብት የማይወደው በውስጡ አሸዋ የሚመስል ሲሊካ ስላለበት ነው። ግን ለግንበኛ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ቅርፊቱ ሲነድ ከመቶው 20 ያህሉ አመድ ሆኖ ይቀራል፤ የአመዱም ከመቶ 85 እስከ 90 የሚሆነው ሲሊካ ነው። እሳቱ ከ700 ዲግሪ እንዳያልፍ ተጠብቆ የነደደ እንደ ሆነ ያ ሲሊካ ከኖራ ጋር ተዋሕዶ ድንጋይ የመሆን ጠባይ ይኖረዋል፤ በደንብ ተፈጭቶም ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆነውን ሲሚንቶ ሊተካ ይችላል። እሳቱ ከበረታ ግን ሲሊካው ይደነድንና ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ክምሩ ላይ ክብሪት መለኮስና አመድ መሥራት አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱ በምድጃው ላይ ነው። 100 ኩንታል ያልተፈተገ ሩዝ 20 ኩንታል ቅርፊት፣ 20 ኩንታል ቅርፊት አራት ኩንታል አመድ ይሰጣል። አራት ኩንታል ማለት የስምንት ከረጢት ሲሚንቶ ክብደት ነው። በሲሚንቶ መወደድ ቤቱን በጅምር የተወ ሰው ይህን ቁጥር አይንቅም።

ሁለተኛው መንገድ ቅርፊቱን በሙቀት ጠቅጥቆ ማገዶ ማድረግ ነው። በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ሙጫ መሳይ ነገር ሲሞቅ ራሱ ያጣብቀዋል፤ ሌላ ማጣበቂያ አያሻም። ችግሩ ያው ሲሊካ የመጠቅጠቂያውን ብሎን እንደ ሞረድ መብላቱ ነው። ይህስ ቢሆን የደብረ ታቦር ቀጥቃጭና በያጅ እያደሰ ሊያሠራው የሚችል ነገር አይደለምን? ወረታ የተጠቀጠቀው ማገዶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ ደብረ ታቦር ቢሸጥ፣ በዚያው ልክ የጉና ኩበት ከእሳት ይተርፋል።

ጣና

የጉና አፈር ያልተኛበት ቀሪው ጣና ደረሰ። ከእርሱም ጋር ናይትሮጅኑና ፎስፎረሱ፣ ገበሬው በውድ ገዝቶ የበተነውም ማዳበሪያ አብሮ ደረሰ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ ታይቶ የተስፋፋው እምቦጭ የሚመገበው ይህንኑ ነው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ሐምራዊ አበባው ዓይን የሚማርክ አረም ነው። ምግብና ሙቀት ካገኘ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። የዓሣ አጥማጁን ታንኳ ያስራል፤ የከብቱን ግጦሽ ይሸፍናል፤ ሩዙን ይወርራል። የአካባቢው ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ስንት ዓመት ሆነው! በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ብዙ ሰው የተሳተፈበት የአንድ ወር ዘመቻም ተደርጎ ነበር።

የተነቀለው ግን ዳር ላይ ተከምሮ ሲቀር፣ ውኃው ሞልቶ ሲመጣ መልሶ ይወስደዋል። ነቅሎ መከመር ሥራውን በግማሽ ማቆም ነው። እምቦጩ የያዘው የጉና ንብረት ነው፤ ወደ ጉና መመለስ አለበት። በባንግላዴሽ ገበሬዎች ይህንኑ አረም በውኃው ላይ ከምረው፣ ሲበሰብስ በላዩ ላይ አትክልት ይዘሩበታል፤ ጎርፍ ሲመጣም እርሻቸው ይንሳፈፋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በኪሱሙ ደግሞ ግንዱን አድርቀው ወንበርና ቅርጫት ይጎነጉኑበታል። ይህ የመጨረሻው ለእጅ ሥራ መልካም ነው፤ ሆኖም አረሙን የሚወድድ ነጋዴ እንዳናበዛ ያሰጋኛል። ወንበር ሠሪው እምቦጭ እንዲያልቅበት አይመኝምና።

ብስባሽ ማድረጉ ይሻላል፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእምቦጭ ፍሬ በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በደንብ ያልበሰለ ብስባሽ ይዞ ወደ ማሳ መሄድ፣ አረሙን በገዛ እጅ ወደ ኩሬውና ወደ መስኖው ማዛመት ነው። ስለዚህ ሳያብብ መንቀል፣ ከጭድና ከእበት ጋር ደባልቆ መከመር፣ ክምሩ ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ እስኪሞቅ ጠብቆ ደጋግሞ ማገላበጥ ያሻል። እጃችሁን ክምሩ ውስጥ ብትከቱና ሳታስቡት መልሳችሁ ብታወጡት፣ መሞቁን በዚያ ታውቃላችሁ።

የቀረው የጭነት ጉዳይ ነው። እርጥብ እምቦጭ ከመቶው ከ90 በላይ ውኃ ነው። 100 ኩንታል ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መኪና፣ 90 ኩንታል የጣና ውኃ ይዞ 900 ሜትር ያህል ዳገት ይወጣል ማለት ነው፤ ያ ባሌስትራ ወዲያው ይሰበራል። ስለዚህ መብሰልና መድረቅ ያለበት እዚያው ሐይቁ ዳር ነው። ከበሰለ በኋላ ግን አሥር ኩንታል የማይሞላ ሆኖ ይቀራል። ድንች ከደጋ ጭኖ ወደ ወረታና ወደ ባሕር ዳር የወረደ መኪና ሽቅብ ሲመለስ፣ ከሩዙ ጆንያ ጎን ለዚህ ቦታ አያጣም። ኪራዩን ማን ይክፈል የሚለው ነው እስከ ዛሬ ተቀምጦ የሚያነጋግረው፤ የጉና ገበሬ ይክፈል ወይስ ሐይቁ የጸዳለት ዓሣ አጥማጅ።